አንዴ ጠይቆ የሚሄድ ስልክ

የደቡብ ጎንደርን ሰው «ደህና ነህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ደህና ነው። ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ያደረም ደህና ነው፤ በሬው ገደል የገባበትም ደህና ነው፣ ይመስገን ነው። ክፉው ወሬ የሚመጣው ኋላ ነው። ሰውየው አረፍ ካለ፣ የልጆቹ፣ የከብቱ፣ የአዝመራው ደህንነት ተራ በተራ ከተጠየቀ በኋላ «ምነውሳ፣ ፊትህ ጠቆረብኝ?» ሲባል ያኔ ይተነፍሳል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ኑሪያ ዩኑስ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፤ ግን አሳምራ ታውቀዋለች። የሚያናድደውም ማወቋ ነው።

ኑሪያ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። አባቷ አቶ ዩኑስ ገበያው ዳር በአንዲት የስፌት መኪና ስድስት ልጅ ያሳደጉ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሷ በሃያ ዓመቷ ጅዳ ሄዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። እዚያ አንድ ሰሞን ትርፍ አንጀቷ ሲያማት፣ እመቤቲቱ በየጠዋቱ «እንዴት ነሽ?» ስትላት «አልሐምዱሊላህ» እያለች አራት ቀን ቆየች፤ በአምስተኛው ቀን ከወጥ ቤቱ ወለል ላይ አነሷት። የተሰፋው ሆዷ እስከ ዛሬ በብርድ ይቆጠቁጣታል።

ከተመለሰች በኋላ ያገኘችው ሥራ ለአባቷ ለማስረዳት እንኳ የሚያስቸግር ነበር። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ድርጅት ነፍሰ ጡሮችን በስልክ የሚከታተል መተግበሪያ ሠርቷል። በሁለት ሌሎች አገሮች ሞክሮታል፤ አሁን ወደ አማርኛ ተመልሷልና የእኛ ሴቶች ይግባቡት እንደሆነ መፈተሽ አለበት። ፈታሿ ኑሪያ ናት። ስልኮቹን በቦርሳ ይዛ ወደ እብናት ገጠር ትወርዳለች፤ ሴቶቹ ሲነካኩት አጠገባቸው ተቀምጣ ጣታቸው የት ላይ እንደሚያመነታ፣ ግንባራቸው የት ላይ እንደሚቋጠር ትጽፋለች።

«ሰዎች ስልክ ሲነካኩ አይቼ እጽፋለሁ» አለቻቸው አባቷን።

አቶ ዩኑስ የስፌት መኪናቸውን አቁመው «ለዚህም ይከፈላል?» አሉ።

ሥራውን ግን ታውቅበት ነበር። የመውለጃው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሲመጣ ያዘችው፤ ተስተካከለ። ሰዓቱ ቀኑን ከሌሊት ሲያምታታ ያዘችው፤ ተስተካከለ። «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቅ አንዷ የባሏን፣ የልጆቿንና የአማቷን ስም ስትደረድር ጊዜ እሱም ተስተካከለ። አዲስ አበባ ያለው አለቃዋ አስናቀ በየስብሰባው ያመሰግናት ጀመር። የጠዋቱን ጥያቄ በድምፅ የሚቀዳ ሰው ሲፈለግም «የኑሪያ ድምፅ ሰው ያረጋጋል» ተባለና እሷው ቀዳችው።

ጥያቄው ይህ ነው። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮሃል፤ ነፍሰ ጡሯ ስታነሳው የኑሪያ ድምፅ «እንደምን አደርሽ? ዛሬ ደህና ነሽ?» ይላታል። አረንጓዴውን ከነካች ደህና ናት፤ ስልኩ አመስግኗት ይዘጋል። ቀዩን ከነካች ግን ራስ ምታቱን፣ እብጠቱን፣ የዓይን ብዥታውን እየዘረዘረ ይጠይቃትና ለጤና ጣቢያው መልእክት ይልካል፤ አምቡላንስ የሚመጣውም በዚያ ነው።

ሃያ ሴቶች ሞከሩት። ሃያውም አረንጓዴ ነኩ። ከመካከላቸው ማሬ የምትባል፣ ገና የሦስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ተጫዋች ሴት ነበረች። ከስልኩ የኑሪያን ድምፅ ስትሰማ ቤቱን በሳቅ ሞላችው፤ «እንደምን አደርሽ እታለም!» እያለች ለስልኩ መለሰችለት፣ አረንጓዴውንም ነካች። አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷ ደግሞ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏት ነበር፤ እሷም አረንጓዴ ነካች። ኑሪያ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቃ ጠይቃ ስታበቃ ያቺ ጎረቤት «እንጃ እቴ፣ ዓይኔንም ጋረድ ያደርገኛል» አለች። ስልኩ ከተዘጋ ቆይቷል። ኑሪያ ራሷ ደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት።

በማግስቱ አስናቀ ጋ ደወለች።

«አቶ አስናቀ፣ ይኼ እኮ ሰላምታ ነው። ለሰላምታ ታመምኩ ብሎ የሚመልስ ሰው የለም። ሁለተኛ ይጠይቅ፣ ሦስተኛም ይጠይቅ። ካልሆነ ደህና ነሽ ማለቱን ይተውና እግርሽ አብጧል ወይ ይበል።»

«ኑሪያዬ፣ ጥያቄው ለሦስቱም አገር አንድ ነው። የእኛን ብቻ ከቀየርነው ቁጥሩ አይነጻጸርም።»

«ቁጥሩ ይቅርና ሴቶቹስ?»

«ሴቶቹ ጥያቄው ገብቷቸዋል ወይስ አልገባቸውም?»

«ገብቷቸዋል።»

«በቃ! የምትሞዪው ቅጽም የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ደግሞ ውልሽ የሚታደሰው በዚህ ወር ነው፤ እኔም ስለ አንቺ ጥሩ ጥሩውን ነው የጻፍኩት።»

ዛቻ አልነበረም። በፍቅር ነው የተናገረው፤ የባሰውም እሱ ነው። ቅጹ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፦ «ተጠቃሚዎች ጥያቄውን ተረድተዋል?» አዎ፣ ወይም አይደለም። ከዚያ በላይ የምትጽፍበት ቦታ የለም። ኑሪያ ግማሽ ቀን ከስልኩ ጋር ተፋጠጠች። ውሉ ካልታደሰ የሚጠብቃት ጅዳ ነው፤ የሰው ወጥ ቤት፣ የሰው ወለል። «አዎ»ን ነካች። የእሷም አረንጓዴ ነበር።

ውሉ ታደሰ፤ ስልኩም ለብዙ መቶ ሴቶች ታደለ። አስናቀ በየሳምንቱ ዝርዝሩን ይልክላታል፤ ዝርዝሩ እንደ ሰኔ መስክ አረንጓዴ ነው። ኑሪያ ግን ባየችው ቁጥር የራሷን «አዎ» ታስታውሳለች። ማን ይፈርድባታል? ከራሷ በቀር ማንም።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ ዝርዝሩን ስትመለከት የማሬ ስልክ ሦስት ቀን መልስ አልሰጠም። እስከ ሰኞ ጠዋት አረንጓዴ፣ ከዚያ ባዶ። ኑሪያ ለማንም ሳትናገር በመጀመሪያው መኪና እብናት ወረደች፤ ከዚያም በእግሯ ሄደች።

የማሬን አማት እማማ ፈንታነሽን ደጅ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«እንደምን ሰነበቱ እማማ?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን። አንችስ ልጄ? አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ከብቱ፣ ቤቱ ደህና ነው?»

«ደህና፣ ይመስገን።»

«ዘመኑስ?» ዘመኑ የማሬ ባል ነው፤ ለቀን ሥራ መተማ ወርዷል።

«ደህና ነው አሉ።»

«ማሬስ፣ እማማ?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ልጁማ ቀረ» አሉ። «ሰኞ ረፋድ ላይ አንዘፈዘፋት። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት። እሷን አተረፉልኝ፤ ልጁ ግን ሆዷ ውስጥ አልቆ ነበር። ወንድ ነበር።»

ማሬ አልጋው ላይ ራሷን በመቀነት ጠፍራ ተጋድማለች። ያ ሳቂታ ፊት አብጦ ዓይኗን ውጦታል። ኑሪያ እግሯ ሥር ተቀመጠች። ሰላምታ አልሰጠቻትም፤ አቃታት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመሽ?»

«ራሴን ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ዓይኔም ይጨልምብኝ ነበር።»

«ታዲያ ቀዩን ለምን አልነካሽም ማሬ? አሳይቼሽ አልነበር?»

ማሬ ስትመልስ ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ለኑሪያ ይቀላት ነበር።

«በማለዳ እንደምን አደርሽ ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ አሞኛል ብዬ ላስደንግጥሽ? ደህና ነኝ አልኩሽ። ሁለተኛ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስልኩን ይዤ ቆየሁ። ሄድሽ።»

ኑሪያ እኔ አይደለሁም፣ የተቀዳ ድምፅ ነው ማለት ትችል ነበር። ማሬም እኮ ይህን ታውቃለች፤ ሞኝ አይደለችም። ግን ድምፁ የኑሪያ ነው፣ «አዎ» ብላ የፈረመችውም ኑሪያ ናት። እግሯን እየዳበሰች አለቀሰች፤ ከዚያም የምታጽናናው ማሬ ሆና አረፈችው።

ከሰዓት በኋላ ወደ መኪና መንገዱ ስትወጣ ለአስናቀ የምትለውን በልቧ ደረደረች። ሥራው ገደል ይግባ። የማሬን ስም፣ ሰኞ ጠዋት የነካችውን አረንጓዴ፣ ወንድ ልጇን፣ ሁሉንም ልትነግረው ቆረጠች። ቁጥሩን ልትፈልግ ስልኳን ስታወጣ ራሱ ደወለ።

«ኑሪያ! እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ?»

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለ አፏ።

«ጥሩ፣ ጥሩ። ደስ የሚል ዜና አለኝ። የእኛ ውጤት ከሌሎቹ ሁለት አገሮች በለጠ፤ ከመቶ ዘጠና ስምንቱ ደህና ነን ብለዋል። አለቆቹ ተደንቀዋል። ጥያቄውን እንዳለ ወደ አራተኛ አገር ሊወስዱት ነው። በርቺ እሺ፣ ስብሰባ ልገባ ነው!»

ተዘጋ። ኑሪያ መልሶ የሚደውል ይመስል መንገዱ ዳር ስልኩን ይዛ ቆየች።