የዘፋኟ ትንፋሽ

ባሌ ብረት በያጅ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው በርና መስኮት ሲቆርጥ፣ ሲሞርድ፣ ሲበይድ ይውልና ማታ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ሸክላ ማጫወቻው ፊት ይቀመጣል። እኔን ከማግባቱ በፊት ያገባት እሷን ነው እላለሁ፤ እሱም አይክድም። መርፌዋን ሸክላው ላይ ቀስ አድርጎ ሲያሳርፍ ያየ ሰው፣ ይሄ ሰውዬ የብረት በር ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል ቢሉት አያምንም።

ሲመጻደቅ ደግሞ አቤት! ሴት ልጃችን ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ከሥራ ስትመለስ በስልኳ ዘፈን እየሰማች ከገባች አለቀላት።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ዘፈን ነው? ዝንብ እኮ ነው የሚጮኸው!"

"እና ያንተን ሣጥን ተሸክሜ ታክሲ ልሳፈር፣ አባዬ?"

"አትሳፈሪ። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ስሚ።"

ከዚያ አጠገቡ ያስቀምጣትና ሸክላ ይከፍትላታል። የሚወዳት ዘፋኝ አለች፤ ግጥሙን ከመጀመሯ በፊት አየር ስትስብ ይሰማል። እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱን ያነሣል። "ትንፋሿን ሰማሽ? ስልክሽ ይቺን ይሰጥሻል?" ልጅቱ ትስቃለች። እኔ ራት በረደ እያልኩ እጮሃለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ መርፌዋን አነሣና "ትንፋሿ ጠፋ" አለኝ።

መርፌ ቀየረ፤ አልመጣም። ሽቦ ቀየረ። ስፒከሮቹን ፈታ፣ ጠረገ፣ ከግድግዳው አራቀ፣ መልሶ አስጠጋ። ሳሎኑን ገለባብጦት በገዛ ቤቴ መቀመጫ አጣሁ። ሸክላዋ አርጅታለች ብሎ ሌላ አፈላልጎ አመጣ፤ እሱም ያው። ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፣ እሱ እቴ! ስጠራው "እህ?" ይለኛል። ደግሜ ስጠራው ደግሞ "ምን ያስጮህሻል?" ንቆኝ ነበር የመሰለኝ፤ አርር ነበር።

በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠ። "ዕቃው ሞቷል። ቅዳሜ ሰው መጥቶ ከነሸክላዎቹ ይወስደዋል" አለ።

ስንት ዘመን አቧራውን እየጠረግኩ የረገምኩት ሣጥን ነው፤ ግን ሆዴ ባባ። ይሄ ሰው ያለሱ ምን ሊሆን ነው? ከሥራ ገብቶ ግድግዳ ሲያይ ሊያመሽ ነው። ልጄን ለብቻዋ ጠርቼ "እባክሽ አባትሽን አንድ ነገር አድርጊው" አልኳት።

ዓርብ ከሥራ እንደገባች አጠገቡ ተቀመጠች። "አባዬ፣ ዕቃው ሳይሄድ ዘፋኝህን አንዴ አብረን እንስማት" አለችው።

"ምኑን ትሰሚዋለሽ" እያለ ከፈተላት። ዘፈኑ ትንሽ እንደሄደ ልጅቱ ጣቷን አነሣች። ዞር ብሎ አያት። ቆየት ብላ ደግማ አነሣች። አሁንም ደገመች።

"ምንድን ነው?" አላት።

"ትንፋሿ ነዋ።"

"አትቀልጂ።"

"አንተ ትሙት! እማዬ፣ ላንቺስ አይሰማሽም?"

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ።

መርፌዋን አነሣ። "ስንቱን ዕቃ ፈታሁ" አለ። "ለካ የተበላሸሁት እኔ ነኝ።" ልጅቱ አቀፈችው። አለቀሰ። እኔም ለዚያ ሁሉ ንዴቴ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ገዢው ባዶ እጁን ተመለሰ። በሳምንቱ ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሟ መረመረችውና የብረት መቁረጫው ጩኸት ቀጫጭን ድምፆችን እንደወሰደበት ነገረችን። የሄደው አይመለስም፤ በቀረው ግን በመስሚያ መሣሪያ ብዙ ይሰማል አለች። ጆሮህን ሳትሸፍን ሁለተኛ ብረት እንዳትቆርጥ ብላም ተቆጣችው።

መሣሪያው የተደረገለት ዕለት ቤት ስንገባ በቀጥታ ወደ ሸክላው ይሮጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ተከትሎኝ ወጥ ቤት ገብቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱን አኮማትሯል።

"ድምፁ ይሻክራል" አለ። "ምንም ውፍረት የለውም። ይሄንን ለሙዚቃ ብሎ የሚገዛ ሰው እብድ ነው።"

ድስቱን እያማሰልኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ "ካላማረህ አውልቀዋ፣ ደግሞ ልትመጻደቅ ነው" ብዬ አጉረመረምኩ። ለራሴ ነበር ያልኩት።

"ማን ያወልቀዋል?" አለ ከኋላዬ።

ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። ዞር ስል ልክ እንደ ልጅ ይስቃል።

"አውሪ እስቲ" አለኝ።

"ምን ላውራ?"

"የፈለግሽውን። ከፈለግሽም ስደቢኝ።"

ወጡ እስኪያር ድረስ ስሰድበው አመሸሁ።