የታደለ ነጠላ ጫማ

ባለፈው ሳምንት ዓለም ገና፣ አከርካሪ በእጅ የሚያቃኑበት ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ወገቤ ሲንቋቋ ሆለታ ድረስ ይሰማል። ልጄ የምትሆን ሐኪም፣ አልጋው ላይ ከማስተኛቷ በፊት ረጅም ቅጽ ይዛ ትጠይቀኝ ጀመር። ወድቀው ያውቃሉ? ሽንት ያስቸግርዎታል? በየጥያቄው ቀልድ ጣል አደረግሁ፤ እሷም ለትሕትና ያህል ሳቀች። «እግርዎ ይደነዝዛል?» ስትለኝ ግን ያዘጋጀሁትን ቀልድ ተውኩት። ታደለ መጣብኝ።

ታደለና እኔ የሰበታ ልጆች ነን። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላንም። ክረምት ነበር። ታደለ ተጂ ከተማ የጤፍ ጆንያ ሲጭን ከአይሱዙ በጀርባው ወደቀ። ሦስት ቀን ተኝቶ ሲነሣ ወገቡን ይዞ ስለሚሄድ፣ ወጌሻ ጋ ልወስደው ተነሣሁ። ወጌሻው ኦቦ ገለታ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከዓለም ገና ወጣ ብሎ ይኖሩ ነበር። እጃቸው የታወቀ ነው። እኔ ሳወራማ የተሰበረ ድልድይ ሳይቀር ይጠግናሉ።

ከታክሲ ወርደን የተጠበሰ በቆሎ ገዛን። ጭቃው ሰው ይውጣል። እየጋጥን ስንሄድ ዞር ብል፣ የታደለ ነጠላ ጫማ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል። እሱ በባዶ እግሩ አሥር እርምጃ ያህል አልፎታል፤ አላወቀም።

«አንተ፣ ጫማህ ደክሞት ቁጭ አለ» አልኩት።

እግሩን አየ። «ይሄኛው እኮ ከወደቅሁ ወዲህ አይሰማኝም» አለ ቀስ ብሎ። በቆሎውን መብላት ተወ። የሱንም ጨምሬ በላሁት።

ኦቦ ገለታ ደንብ እንደነበራቸው የሰማሁት በኋላ ነው። ሳይጠይቁ አይነኩም፤ እግሩ የደነዘዘውንማ ሆስፒታል ሂድ ብለው ይመልሱታል። ስንደርስ ግቢያቸው በተራ ጠባቂ ተሞልቷል፤ ኮረዶችም ነበሩ። ኦቦ ገለታ «አካም ጂርታ» ብለው ሰላም አሉት፤ እጃቸውን በቅቤ እያሹም፣ «እግርህ ይደነዝዛል?» ብለው ጠየቁት።

ታደለ አፉን ከፈተ። ቀደምኩት።

«ኦቦ፣ የሱ እግርማ፣ ኳስ ሲያይ ፈረስ ነው፤ ሥራ ሲባል ብቻ ነው የሚሞተው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ገለታም ሳቁ። ታደለ ኮረዶቹን አየ፣ እኔን አየ፣ አብሮ ሳቀ። እሳቸውም ጉልበታቸውን ጀርባው ላይ ተክለው ትከሻውን ሳቡት።

የጮኸውን ጩኸት አላጋንነውም።

የወሰድንበት ሆስፒታል ሐኪም፣ ጉዳቱ ከመውደቁ ይሁን ከመሳቡ ለይቶ መናገር እንደማይችል ነገረን። ከዚያ ወዲህ ታደለ ያለ ክራንች ቆሞ አያውቅም። ኦቦ ገለታ ዳግመኛ ሰው ሳይነኩ ሞቱ፤ «ጠይቄው ነበር እኮ» ይሉ ነበር አሉ። ታደለ ግን አንድ ቀን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ዛሬም ሰበታ፣ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ሳልፍ ሲያየኝ፣ «ና እስቲ፣ አንድ ቀልድ ንገረኝ» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ይስቃል።

ወገባችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው እጅ የምትሰጡ ሁሉ፣ እጁ የተባረከም ይሁን የተማረ፣ ያልነገራችሁትን አያውቅም። ቀልደኛ ጓደኛ ካላችሁ ውጭ ይጠብቃችሁ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

«አዎ» አልኳት።

ቅጹን አስቀመጠች። ዛሬ እንደማትነካኝ፣ መጀመሪያ ምርመራ እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ። «አዎ» ሁለት ፊደል ያላት ቃል ናት። ታደለ ያን ቀን አፉን የከፈተው ለእሷ ነበር።