ሙቀጫና ሳል

አባቴ ሞትን ይፈራ ነበር። ማን አይፈራም? የእሱ ፍርሃት ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ አልነበረም፤ ሌላውን ያዝዛል። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር፣ ከአጥራችን ጋር ተያይዛ የተሠራች ትንሽ ሱቅ ነበረችን። ኮሮና ገባ በተባለ ሰሞን ከሱቋ ፊት ገመድ ወጠረ፣ በረኪና የተቀላቀለበት ባልዲ አስቀመጠ፣ ብሩን በጓንት እየተቀበለ እዚያ ውስጥ ይነክረው ጀመር። ልብስ ማስጫው ላይ ከእኔ ካልሲ ጎን ብር ተሰጥቶ ይደርቅ ነበር።

በአንድ ቆርቆሮ አጥር ብቻ የምንለያይ ጎረቤት ነበረችን። ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል፣ ከባሏ ጋር ነበር የምትኖረው። በዚያ ሰሞን ሙቀጫዋ አያርፍም ነበር። ጠዋት ትወቅጣለች፣ ከሰዓት ትወቅጣለች። እናቴ “ይቺ ሴትዮ ደግሞ ማንን ልትድር ነው?” ብላ ቀለደች። ከዚያ አንድ ቀን አምቡላንስ እሪ እያለ መጣ፤ ከእግር እስከ ራሳቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች ባሏን ተሸክመው አወጡት። ሰፈሩ በሙሉ በየአጥሩ ቀዳዳ አየ። ሰውየው አልተመለሰም። ድንኳን አልተተከለም፣ ለቅሶ የደረሰም የለም። እኛም አልሄድንም።

እሷ ወደ ማቆያ ተወስዳ፣ ተመርምራ፣ ነጻ ነሽ ተብላ ተመለሰች። አባቴን ግን ይህ አላሳመነውም። ዕቃ ልትገዛ ስትመጣ ከገመዱም ወዲያ፣ ከመብራት ምሰሶው ጋ ቆማ የምትፈልገውን ጮኻ እንድትናገር አዘዛት። እሷም ጮኸች። ሳሙና፣ ጨው፣ ሻማ። እሱ በፌስታል አስሮ መንገዱ መሀል ያስቀምጥና ወደ ሱቁ ይመለሳል፤ ያኔ መጥታ ታነሣለች። ለድመት እንኳ እንዲህ አይቀርብላትም። ሰፈሩ አባቴን አመሰገነው። “ጋሼ ባይኖሩ አልቀን ነበር” ይሉት ነበር፣ እሱም ደስ ይለው ነበር።

ከዚያ አባቴ ሳለ።

መጀመሪያ አቧራ ነው አለ። ቀጥሎ ብርድ ነው አለ። ትኩሳቱ ሲብስበት ሱቁን ዘግቶ መኝታ ቤት ገባና ተኛ። እናቴ አምቡላንስ ልጥራ ስትለው ከአልጋው ተነሥቶ ስልኳን ቀማት፣ ትራሱ ሥር ከተተው።

“ያ ነገር ደጄ ላይ መጥቶ ከሚጮህ እዚሁ ልሙት” አለ። “ሱቋ አለቀላት ማለት ነው። እናንተንስ ማን ያስጠጋችኋል? ምሰሶው ጋ ነው የሚያቆሟችሁ!”

ምሰሶው ጋ መቆም ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ የራሱ ሥራ ነው። ሞትን እንዲያ ይፈራ የነበረውን ሰው፣ የሰፈር ሰው ከሞት በላይ አስፈራው። ተናድጄበት ነበር። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ሳሉ ደግሞ የሚደበቅ ዓይነት አልነበረም፤ ከሆዱ ተነሥቶ ቤቱን ይሞላል። መንገድ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እናቴ አፉ ላይ ነጠላዋን ትይዝለታለች፣ እሱም ሊታፈን ይደርሳል። በመጨረሻ ሙቀጫውን ከጓዳ ጎትታ አወጣችና ዘነዘናውን እጄ ላይ አደረገች። “ሲያስል ውቀጪ” አለችኝ። በርበሬ ጨመርኩበት። ያን ያህል ጅሎች ነበርን። ብናኙ ተነሥቶ ሦስታችንንም ሲያስለን፣ በዚያ ጭንቅ መሀል እናቴ ሳቀች፣ አባቴም እየሳለ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሲስቅ አላየሁትም።

በርበሬውን ገልብጠን ገብስ ጨመርን። ሲያስል እወቅጣለሁ፣ ሲያቆም አቆማለሁ። ገብሱ ደቀቀ፣ ዱቄት ሆነ፤ እኔ ዱቄቱን መውቀጥ ቀጠልኩ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። አንዳንዴ ሳያስልም እወቅጥ ነበር፤ ዝም ሲል የባሰ እፈራለሁና።

አንድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን ነበረች፣ ማስኳን አድርጋ። ከማቆያ ከተመለሰች ወዲህ በራችን ድረስ መጥታ አታውቅም። እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ሳትጠየቅ፣ “በርበሬ እየደለዝን ነው” አለቻት።

“እኔም ስደልዝ ነበር” አለች ሴትዮዋ። “አልሰማሽም? ያን ሁሉ ስወቅጥ የከረምኩት ምን መስሎሽ ነው? የባሌ ሳል እንዳይሰማችሁ ብዬ ነው። ጋሼ እንዳይሰሙ ብዬ።” አልተቆጣችም፤ የሰለቸ ሰው ድምፅ ነበር። “አምቡላንስ ስጠራለት ትንፋሹ አልቆ ነበር። ቀደም ብዬ ብጠራ ይተርፍ ነበር ወይ? እሱን እግዜር ያውቃል። አንቺ ግን ጥሪ። ዛሬውኑ ጥሪ።”

አባቴ ከውስጥ ሰማት።

“ማን ናት? እሷ ናት?” አለ በተቆራረጠ ድምፁ። “አታስገቧት! በሽታ ታመጣብናለች!”

የመኝታ ቤቱም በር ክፍት ነበርና፣ በትኩሳት እየነደደ ጋቢውን አፉ ላይ ሲጎትት ሦስታችንም አየነው። ማንም አልሳቀም። ሴትዮዋ ልትሰድበው ትችል ነበር፤ ሐቅም ነበራት። “አይዞዎት ጋሼ፣ አልጠጋዎትም” አለችውና ወደ ደጅ ራቅ አለች። ያ አነጋገሯ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እናቴ ስልኩን ከትራሱ ሥር አወጣች። እጇን ሊይዛት ሞከረ፣ አቅም አልነበረውም። አምቡላንሱ እንደፈራው እሪ እያለ መጣ፣ በየአጥሩም ዓይን ተደረደረ። ሲያወጡት ሰፈሩ እንዳያየው ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናነበ። ፊቱን ሳላይ የቀረሁት ለዚያ ነው። ሐኪሙ ማታውኑ ለእናቴ ደውሎ “ምነው እንዲህ ቆያችሁ?” አላት። ሲነጋ ሞተ።

እኔና እናቴ ከቤት እንዳትወጡ ተባልን። ለቀስተኞቹ ምሰሶው ጋ ቆመው “እግዜር ያጽናችሁ!” ብለው ይጮኹ ነበር፤ እናቴም ከደጃፏ ሆና “አሜን!” እያለች ትጮኽ ነበር። ጋሼ ባይኖሩ አልቀን ነበር ያሉት ራሳቸው ናቸው። ሴትዮዋ ብቻ የራሷን በርጩማ ይዛ ግቢያችን ገባች፣ ከእኛ ፈንጠር ብላ ተቀምጣ አምርራ አለቀሰች። ለማን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

አሁን ገመዱም ማስኩም የለም። ምሰሶው ላይ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፣ ስለዚያ ጊዜ የሚያነሣም የለም። እናቴ ግን ሙቀጫ ከሰማች አያስችላትም። የያዘችውን ታስቀምጥና ከሥሩ ሳል ይሰማ እንደሆነ ጆሮዋን ጣል ታደርጋለች፤ ነጠላዋን ደርባ ትወጣለች። የማታውቀው ቤት ቢሆንም ታንኳኳለች፣ ጨው ቸገረኝ ብላ። አዲሶቹ ተከራዮች ጤና የጎደላት ይመስላቸዋል። “እማዬ ተይ፣ ሰው ይታዘበናል” ብያታለሁ፤ አትሰማኝም። ጥቂት ቆይታ ጨውዋን በእፍኟ ይዛ ትመለሳለች፣ በሩን ትዘጋለች።

“በርበሬ ነው” ትለኛለች።