ብቻዬን የተማርኩት የአየርላንድ ዜማ

ዛሬ ጠዋት በኮምፒውተር ስብሰባ ስናደርግ አንዲት ባልደረባችን ማይክሮፎኗን ሳትከፍት ብዙ ተናገረች። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን በሃያ ዓመቴ የደረሰብኝ ነገር ትዝ ብሎኝ መሳቅ አልቻልኩም።

ዘመኑ 2020 ነው። አባዬ በዲለርነት፣ ማለትም ለቁማርተኞች ካርታ በማደል፣ የሚሠራበት ካዚኖ በወረርሽኙ ተዘግቶ፣ በረሃማዋ የካዚኖ ከተማ ፓራዳይዝ ባለችው አፓርታማችን አብረን እንውል ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ ቫዮሊን ጀምሬ ነበር፤ ከሁሉ የምወደው ደግሞ የአየርላንድን ባህላዊ ሙዚቃ ነበር። ያ ሙዚቃ በጆሮ ነው የሚለመደው። በየዓመቱ አንድ ቅዳሜና እሁድ ሰዎች ተሰብስበው ይህን ሙዚቃ የሚማሩበት ፌስቲቫል ነበረን፤ ለመሄድ ስጓጓ ከርሜ፣ የዚያ ዓመቱ በኢንተርኔት ነው ተባለ።

ጁላይ፣ ሙቀቱ የሚከፋበት ወር ነበር። የአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ስለሚረብሸኝ አጥፍቼው፣ በላብ ተጠምቄ ተቀመጥኩ። መምህሯ አየርላንድ ቤቷ ሆና አንድ ዜማ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰች ትጫወታለች፤ እኛም ከየቤታችን እንደግማለን። ድምፅ እንዳይደበላለቅ የሁላችንም ማይክሮፎን ተዘግቷል። ኢንተርኔታችን ደካማ ስለነበር ድምፅዋ ሲቆራረጥብኝ የጎደለውን በግምት ሞላሁት። ለመጠየቅ ፈለግሁ፤ ተራ ሳይደርሰኝ ሰዓቱ አለቀ።

አባዬ ፍርፍር ይዞልኝ ገባና "ልጄ፣ ማን እየሰማሽ ነው?" አለኝ።

"ማንም።"

"ታዲያ መሳሳትሽን በምን ታውቂያለሽ?"

ተናድጄ ፍርፍሩን ሳልነካው ቀረሁ። ዜማውን ግን ዓመት ሙሉ ተለማመድኩት።

በ2021፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ፌስቲቫሉ ጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን ባለ መናፈሻ በአካል ተደረገ። አባዬ ወደ ሥራ ተመልሶ ስለነበር ሺፍት ቀይሮ ወሰደኝ። ከሰዓት በኋላ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ አንዱ ሲጀምር ዜማውን የሚያውቁት ሁሉ ይከተሉታል። ተራዬ ሲደርስ ያንን ዜማ ጀመርኩ። ማንም አልተከተለኝም። ሁሉም ቫዮሊኑን ጭኑ ላይ እንዳሳረፈ ብቻዬን ተጫውቼ ጨረስኩ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ በትህትና "ደስ የሚል ዜማ ነው። የአገርሽ ነው?" አሉኝ።

የዜማውን ስም ነገርኳቸው። እርስ በርስ ተያዩና ትክክለኛውን ተጫወቱልኝ። ከእኔው ጋር የሚገጥመው ግማሹ እንኳ አይሆንም። ማንም አልቀለደብኝም፤ ቢቀልዱብኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪና ውስጥ አለቀስኩ። አባዬ እየነዳ "ለእኔ ያንቺው ይጥመኛል" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ አናደደኝ።

ትክክለኛውን መልመድ ከመጀመሪያው የበለጠ ጊዜ ፈጀ፤ ጣቶቼ የያዙትን አልለቅ አሉኝ። ዛሬ ዜማውን ከሰው ጋር እጫወተዋለሁ። ብዙ ሰው እንዳያፍር ብሎ ብቻውን መለማመድ ይመርጣል። እኔ ሳልፈልግ ያን ዓመት ብቻዬን ሆኜ አየሁት፦ ሰሚ ከሌለ ትጋትም ስህተትን ነው የሚያጠነክረው። ይህን ማወቄ ጠቅሞኛል፤ ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።