የዱስ ምርቃት

አረጋሽ ጂንካ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ለተልእኮ የመጡ የውጭ ክርስቲያኖች ሲኖሩ ግን ሱቋን ዘግታ ታስተረጉማለች። አንድ ቀን እንግዶቿን ይዛ ኦሞ ዳር ወዳለችው ዱስ ወረደች። የመንደሩ ሽማግሌ በቅል ውሃ ተጎነጩና የእንግዶቹን መሪ ፊት እፍ ብለው ረጩት። ሰውየው ደንግጦ በመሐረብ ጠረገ። ሽማግሌው ተቀየሙ፤ ምርቃት ይጠረጋል እንዴ? እሳቸው እንዲህ ተቀይመው እንግዶቹን መንደሩ ውስጥ ማን ያስገባቸዋል?

አረጋሽ ሰው ማሳፈር አታውቅም። እንግዳውን ምንም ሳትለው ሽማግሌው እግር ሥር ተንበረከከች።

«አባባ፣ ባገሩ እንዲህ አይመርቁም። እኔን መርቁኝና አይቶ ይማር» አለቻቸው በቋንቋቸው።

«አንቺማ መጥተሽ ሳትመረቂ ሄደሽ ታውቂያለሽ? ስስታም!» አሉና ረጯት።

ጠብታው በጉንጯ እየወረደ ወደ እንግዳው ዞራ ሳቀች። እሱም መሐረቡን ኪሱ ከቶ ከጎኗ ተንበረከከ። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄስ ግዙፍ ነው፤ ውሃ ጨምሩልኝ!»