ሁለት ግራ እጅጌ

የልብስ ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊት ሰፈሩ ሁለት ልብስ ሰፊዎች ነበሩት። አንደኛው እሱ ነው፤ ሌላው ማዶ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ደንበኛ የሚነጥቀው ጎረቤቱ። ሁለቱም የሰው ትከሻ በዓይናቸው ለክተው ኮት የሚያወጡ፣ አንዱ የሌላውን ስፌት ሳያጥላላ ውሎ የማያድር ባለሙያዎች ነበሩ።

ባለሀብቶቹ ሲመጡ መንገዱ አስፋልት ለበሰ፣ መብራት ገባ፣ ውሃ በየደጁ ወረደ። ይህን አይክድም። ሴት ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የፋብሪካው ደመወዝ ነው። በምላሹ የተጠየቀው ቀላል ነገር ነበር፤ ተቆርጦ የሚመጣለትን የኮት ግራ እጅጌ መስፋት። ጠዋትም ግራ፣ ከሰዓትም ግራ። ጎረቤቱ ከፊቱ ተቀምጦ ቀኙን ይሰፋል። ሠራተኛው ስማቸውን ትቶ ግራው፣ ቀኙ ይላቸው ጀመር። የሚሰጠን በአደባባይ ይሰጠናል፤ የሚወሰድብንን የምናውቀው ግን ቤታችን ገብተን ነው።

እሱም ያወቀው ልጁ በዚያው ፋብሪካ ቢሮ የተቀጠረች ሰሞን ነው።

«አባዬ፣ ኮት ከሱቅ ልግዛ?»

«እኔ እያለሁ?»

አሮጌውን የስፌት መኪና ከአልጋ ሥር አውጥቶ አቧራውን ጠረገ። ቆረጠ፣ ሰፋ፣ ተኮሰ። እሁድ ከሰዓት ልጅቷ መስታወት ፊት ቆማ ለበሰችው። ግራው እጅጌ ልክክ አለ። ቀኙ ግን ተጣሞ ክርኗን ወደ ኋላ ጎተተው። ልኩን ለቀኝ መገልበጥ ረስቶ ሁለት ግራ ሰፍቷል።

«ሰውዬ፣ ልጄን ወደ ኋላ ልታስኬዳት ነው እንዴ?» ብላ ሚስቱ ሳቀች። ፊቱን ስታይ የወዳደቀውን ቁራጭ ጨርቅ መልቀም ጀመረች።

«ግድ የለም አባዬ» አለች ልጅቷ። «እጄን አላነሳም።»

ይህ ከሳቁ ይልቅ አንገበገበው። ከተረፈው ጨርቅ እንደገና ቆረጠ፤ እጁ ዞሮ ዞሮ ግራውን አወጣ። ለአንድ እጅጌ የምትሆን ቁራጭ ስትቀረው ኮቱን ጠቅልሎ ማዶ ተሻገረ።

«ቀኙን ስፋልኝ።»

ጎረቤቱ ኮቱን አገላብጦ አየው። «ኮሌታው የማን ነው?»

«የኔ።»

«ያስታውቃል» አለና መኪናው ላይ ተቀመጠ። ዱሮ ቢሆን ለዚህ ቃል ሰፈሩ የሚሰማው ስድብ ይመልስለት ነበር።

ጎረቤቱ ሰፍቶ ሲጨርስ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለወንድሜ ኮት ጀምሬ ነበር» አለ። «ግራው እምቢ ብሎኝ ተቀምጧል።»

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ሰዎች ወደ ሠራተኛው መግቢያ ሲያመሩ ልጅቷ በዋናው በር ገባች። ኮቱ አምሮባታል። በሩ ላይ ዞር ብላ ለአባቷ እጇን አውለበለበችለት።

ያነሳችው ቀኝ እጇን ነበር።