የፀሐይቱ እጅና አፍ

አዳማ ውስጥ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው፣ ትከሻው የወለቀ፣ ከባጃጅ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ሰው ሁሉ ወጌሻዋን ፀሐይቱን ያውቃታል። ቤቷ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። በሩ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ እያነከሱ የሚገቡ ሰዎች ካዩ እሱ ነው። አባቷ ከመንዝ ወርዶ ወንጂ ሸንኮራ ማሳ ላይ የተቀጠረ ወጌሻ ነበር። አገዳ ቆራጮቹ ሲወድቁም ሲደባደቡም እሱ ዘንድ ነበር የሚመጡት። ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን ለሴት ልጁ ሰጠ፤ ሰዎች ሲስቁበት «መጀመሪያ እጇን እዩ፣ ከዚያ ትስቃላችሁ» ይላቸው ነበር። እጇ ሰፊ ነው፣ ጣቶቿ ወፋፍራም ናቸው፣ ሲነካ ግን ይቀላል። አሁን ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አርባውን ዓመት አጥንት ስትጠግን ኖራለች።

ፀሐይቱ ሰው አታማም። አንድ ነገር ግን አይሆንላትም፤ የጠገነችውን ሳትናገር ማደር አትችልም። ብዙም አይፈረድባትም። ሐኪም ግድግዳው ላይ ወረቀቱን ይሰቅላል፤ ወጌሻ የምትሰቅለው ወረቀት የላትም፣ ያላት የዳነው ሰው ብቻ ነው። «የእገሌን ጉልበት ያየህ እንደሆነ የእኔ እጅ ነው» ስትል ነው ሌላው በሽተኛ የሚመጣው። አባቷም እንዲሁ ነበር።

ሰባት ኮከብ አካዳሚ የቀጠራትም ይህንኑ ሰምቶ ነው። ሰባት ኮከብ ሀብታሞች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት የግል ትምህርት ቤት ነው። የሴቶች እግር ኳስ ቡድኑ ግን ከየሰፈሩ በነጻ ትምህርት ተመልምለው የመጡ ጠንካራ ልጆች ናቸው። በትምህርት ቤቶች ጥሎ ማለፍ ስድስት ዓመት ሙሉ የረታው የለም። የራሱ አውቶቡስ፣ በየዓመቱ አዲስ ማሊያ፣ የራሱ ወጌሻ አለው። ሌሎቹ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተጭነው፣ ታኬታ እንኳ ተዋውሰው ነው የሚመጡት።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰባት ኮከብ የሚያሸንፈው በኳስ ብቻ አልነበረም። አሰልጣኙ ሰብስቤ «ሰላምታ» የሚለው ነገር አለው። በመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች የተጋጣሚው ምርጥ ተጫዋች ሰላም ትባላለች፤ ማለትም ዳግም እንዳትሮጥ ተደርጋ ትመታለች። ጨዋታው ገና ስለሆነ ዳኛው ቢከፋ ቢጫ ያወጣል። የመተሐራዋ ልጅ አፍንጫ፣ የሞጆዋ የጎድን አጥንት፣ የአቦምሳዋ በረኛ ሁለት ጥርሶች በዚህ ሰላምታ ሄደዋል። ሰላምታውን የምታደርሰው የቡድኑ አምበል ቤዚ ናት፤ የአስራ ስምንት ዓመት ተከላካይ፣ ከሜዳ ውጭ ቀና ብላ ሰው የማታይ ጭምት ልጅ። ሰብስቤ አድርጊ ያላትን ታደርጋለች፤ ትምህርቷም ምሳዋም በእሱ እጅ ነው።

ፀሐይቱ ይህን ሁሉ ታያለች። ሌሎቹ ቡድኖች ወጌሻ ስለሌላቸው ሜዳ ላይ የወደቀችውን ሁሉ የምታነሳው እሷው ናት። «ኳስ ነው፤ ኳስ ላይ መመታት ያለ ነው» ትልና አሽታ፣ አስራ፣ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። ስድስት ዓመት ራስን ማታለል ቀላል ሥራ አይደለም፤ እሷ ግን ተሳክቶላት ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ የወንጂ አገዳ ቆራጭ ልጁን አዝሎ ቤቷ መጣ። እሱ ጫምሳ ይባላል፣ ልጅቱ ኦብሴ። ከአገዳ ተጎታች ላይ ወድቃ የቀኝ ቅልጥሟ ተሰብሯል። ፀሐይቱ አጥንቱን አገናኝታ በተሰነጠቀ ቀርከሃ አሰረችላት፤ በየሳምንቱም ወንጂ ድረስ እየተመላለሰች አየቻት። ማሰሪያው ሲፈታ ኦብሴ በኦሮምኛ እንደ እናት ጠርታ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አዴ፣ ኳስ እጫወታለሁ?»

«እስከ ጥር ድረስ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ከዚያ እንደ ልብሽ።»

ልጅቱ እስከ ጥር ዝም ብላ ተቀመጠች፣ በየካቲት ሜዳ ገባች፣ በግንቦት ትምህርት ቤቷን በአስራ አንድ ጎል እየጎተተች ግማሽ ፍጻሜ አደረሰች። ተጋጣሚዋ ሰባት ኮከብ ሆነ። ለትልቅ የሴቶች ክለብ ተጫዋች የሚመለምሉ ሰዎች እሷን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። የጫምሳ ልጅ ከአገዳ ማሳ የምትወጣበት መንገድ ያ እግር ነበር፤ ወንጂ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ከልምምድ በኋላ ፀሐይቱ የቤዚን ቁርጭምጭሚት እያሸች ሳለ ሰብስቤ መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«እትዬ ፀሐይቱ፣ ያቺ የወንጂዋ አጥቂ በጥቅምት ተሰብራ ነበር አሉ። ማን ቢጠግናት ነው እንዲህ የምትሮጠው?»

«ማን ይሆናል ብለህ ነው?» አለች ፀሐይቱ። «ይኸው እጅ ነዋ።»

«እንደሱ ይበሉኝ። እኔማ የቱ እግሯ እንደሆነ እንኳ መለየት አቃተኝ።»

«ሙያ ማለት እሱ ነው። ቀኙ ነው። ከጉልበቷ አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ እዚህ ጋ።» የቤዚን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አሳየችው። «ከፊት ለፊት ብትመታ ምንም አትሆንም። ከውጭ በኩል ነው ገና ትንሽ የሚቀረው። ክረምቱን ካረፈች እሱም ይጠነክራል።»

«እጅዎ ይባረክ» አለ ሰብስቤ፤ ተነስቶም ሄደ። ፀሐይቱ ምስጋናው ደስ ብሏት የቤዚን ካልሲ ራሷ አጠለቀችላት። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ሁልጊዜም አንገቷን ስለምትደፋ ፀሐይቱ ልብ አላለችውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው አቧራና ሰው ሆነ። ከወንጂ ሦስት አይሱዙ ሙሉ ደጋፊ መጥቷል፤ ጫምሳም የልጁን ስም እየጠራ አጥሩ ላይ ተደግፏል። ኦብሴ በአራተኛው ደቂቃ ሁለት ሰው አልፋ የመታችው ኳስ የጎሉን ብረት መትቶ ተመለሰ። የወንጂ ሰው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሰብስቤ ከመስመሩ ዳር ወደ ቤዚ አንዴ ብቻ አፏጨ።

በሰባተኛው ደቂቃ ኦብሴ ኳሷን ተቀብላ ስትዞር ቤዚ ከውጭ በኩል መጣች። ኳሷን አላየቻትም። ተንሸራታ በሁለቱም ታኬታ የልጅቱን ቀኝ ቅልጥም መታችው። ፀሐይቱ ድምፁን ከተቀያሪዎች ወንበር ላይ ሆና ሰማችው፤ ከየት ጋ እንደተሰበረም ሳታይ አወቀች። ሐሙስ ዕለት የተናገረችው በሙሉ ከነቃሉ መጣባት። ውሃውንም በረዶውንም ጥላ ሮጠች።

ስትደርስ አጥንቱ ካልሲውን ቀዶ ወጥቷል። ደሙ ወደ ታኬታው ይወርዳል፤ አቧራው እየጠጣው ይጠቁራል። ፀሐይቱ ተንበርክካ እግሩን ከላይና ከታች ያዘች። አውራ ጣቷ ያረፈው በቤዚ ቅልጥም ላይ ያሳየችው ቦታ ላይ ነበር።

ቤዚ ከራሳቸው በላይ ቆማለች። «እንዳሉት ከውጭ በኩል ነው የመታኋት» አለች በቀስታ፣ የቤት ሥራዋን እንደምታሳይ ተማሪ።

ኦብሴ ሰምታለች። ሕመሙ ፊቷን አመድ አድርጎታል፤ ግን አልጮኸችም። «አዴ» አለች፣ «ለእነሱ ነገሯቸው?»

ፀሐይቱ ዓይኗን ከአጥንቱ ላይ ሳታነሳ እግሩን አጥብቃ ያዘች።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ሜዳ መሆኑ ቀረ። የወንጂ ሰው አጥሩን ገንጥሎ ገባ። የመስመር ዳኛው ሲሮጥ ጠልፈው ጣሉትና ረገጡት። ሰብስቤ ወደ አውቶቡሱ ሊያመልጥ ሲል አንዱ የብረት ወንበር ፊቱ ላይ ሰበረበት፤ ተነስቶ ሁለት እርምጃ ሄዶ እንደገና ወደቀ። የሁለቱ ቡድን ልጆች ፀጉር ለፀጉር ተያይዘው መሬት ላይ ይንከባለላሉ። የአውቶቡሱ መስታወት ተራ በተራ ይረግፋል። ፖሊሶቹ አራት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ለራሳቸው መሸሻ ይፈልጋሉ። አንድ ድንጋይ የፀሐይቱን ጀርባ፣ ሌላው ጆሮዋን አገኛት። ደሙ በአንገቷ ሲወርድ ተሰማት፤ እግሩን ግን አልለቀቀችም።

ጫምሳ ከዚያ ግርግር መሐል የሜዳውን ማዕዘን ባንዲራ እንጨት ነቅሎ መጣ። የልጁን አጥንት አየ።

«ኢንተላ ኮ» አለ፤ ልጄ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደ ፀሐይቱ ዞረ። «የትኛዋ ናት? አንቺ አይተሻል፤ አሳዪኝ።»

ቤዚ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማለች፤ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። ያ እንጨት ራሷ ላይ ካረፈ አንዴ ይበቃታል። ፀሐይቱ ቀና ብላ አላየቻትም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ቀልድ አልጠየቅሁሽም።»

«የተሰበረችበትን ቦታ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አሰልጣኙ ጠየቀኝ፣ እኔም በእጄ ሥራ ስኮራ የቱ ጋ ቢመታ እንደሚሰበር አሳየሁት። ያሳየሁትን ቦታ ነው የመቱት።»

ጫምሳ ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ልጁን አዝሎ የሄደው እሷ ዘንድ ነው፤ በየሳምንቱ ቤቱ የገባችውም እሷ ናት። ሲገባው እንጨቱን በሁለት እጁ አነሳ።

«ከለቀቅኋት አጥንቱ የደም ሥሯን ይቆርጠዋል» አለች ፀሐይቱ። «መጀመሪያ ልሰርላት። ከዚያ ምታኝ። ማሰሪያ የሚሆን እንጨት ያስፈልገኛል።»

እንጨቱ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ ጫምሳ ጉልበቱ ላይ ለሁለት ሰብሮ ወረወረላት።

ነጠላዋን በጥርሷ ቀደደች። እንጨቱን በግራና በቀኝ አድርጋ ከላይ ጀምራ አሰረች። አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀስ ብትል ከዋናው መንገድ የሚመጡት ተጨማሪ ፖሊሶች ይደርሱላት ነበር፤ የመኪናቸው ጩኸት እየቀረበ ነው። ፈርታለች። ቀስ ግን አላለችም። የመጨረሻውን ቋጠሮ ስባ አጠበቀችና ተነስታ ቆመች።

«ጨርሻለሁ» አለች።

ጫምሳ በቡጢ አፏ ላይ መታት። በጀርባዋ ወደቀች። ጎኗን በጫማው አንዴ፣ ሁለቴ ረገጣት፤ ከውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማች፤ የጎድን አጥንቷ መሆኑንም ለየችው። እጇን ለመከላከል አላነሳችም። ኦብሴ «አባ፣ በቃ» ስትል ነው ያቆመው።

«ተነሺ» አላት እያለከለከ። «መኪናው ላይ እግሯን የሚይዝ ሰው የለም።»

ተነሳች። አይሱዙው ወለል ላይ ተቀምጣ፣ የኦብሴን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መንገዱ በጎደጎደ ቁጥር የራሷ ጎን እየወጋት እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ያዘችው። ጫምሳ ጀርባውን ሰጥቷት የልጁን ራስ አቅፏል።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ወጣቱ ሐኪም ማሰሪያውን አየና ማን እንዳሰረው ሳይጠይቅ መፍታት ጀመረ። «ይህ እግር ከዚህ በፊት ተሰብሮ ያውቃል?» አለ፤ ጥያቄው ለሁሉም ነበር።

ፀሐይቱ ያበጠ አፏን ከፈተች። ወሩ፣ ቦታው፣ የታሰረበት ቀን፣ የተፈታበት ቀን ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። አፏን መልሳ ዘጋች። ወደ ልጅቱ ዞረች።

«ልንገራቸው፣ ልጄ?»

ኦብሴ ከሜዳው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«እርስዎ አይንገሩ» አለች። «እግሩ የእኔ ነው። እኔ እነግራቸዋለሁ።»